ማሽኑን ከመውቀስዎ በፊት አየሩን ይፈትሹ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጎንደር በያጆች የደረሱን

ጥያቄ፦ አዘዞ ውስጥ በርና መስኮት እሠራለሁ። በኤሌክትሮድና በቲግ (በአርጎን ጋዝ ተከልሎ) የሚበይድ፣ በፕላዝማም (በኤሌክትሪክ በጋለ የአየር ጅረት) የሚቆርጥ ሦስት በአንድ ማሽን ገዛሁ። ብየዳው 200፣ ቆረጣው 50 አምፔር ይላል። በኤሌክትሮድ ግሩም ነው። ቆረጣው ግን አንድ ክንድ ያህል ደህና ይሄድና ይንተፋተፋል፤ ከዚያ ይጠፋል። 6 ሚሊ ሜትር ፕሌት እንኳ አልበጥስ አለኝ። በሁለት ቀን ሁለት ኖዝል (የመቁረጫውን አፍ) ጨረስኩ። ኮምፕሬሰሬ (አየር መጭመቂያዬ) ባለ 24 ሊትር ነው፤ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 8 ባር ያሳያል። ለሻጩ ልመልሰው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። 50 አምፔር 6 ሚሊ ሜትር ቀርቶ 10 ሚሊ ሜትርም በንጽሕና ይቆርጣል። «ደህና ይሄድና ይጠፋል» ማለትዎ በሽታውን ነግሮናል፤ ማሽኑ የኮምፕሬሰሩ ታንከር ውስጥ የተጠራቀመው አየር እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚሠራው።

ጌጁ 8 ባር የሚያሳየው አየሩ ቆሞ ሳለ ነው። የሚፈለገው አየሩ እየወጣ ያለው ግፊት ነው፤ ለእንዲህ ያሉ ማሽኖች ባብዛኛው ከ4 እስከ 5 ባር ይሆናል (ማንዋሉ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ይያዙ)። እየቆረጡ ሳለ አንድ ሰው ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ጌጅ ይመልከትልዎ። ወደ 3 ከወረደ ነገሩ አለቀ። ሂሳቡም ቀላል ነው፦ ባለ 24 ሊትር ታንከር ከ8 ወደ 5 ባር ሲወርድ የሚሰጠው 72 ሊትር ገደማ አየር ነው፤ ቶርቹ (በእጅ የሚያዘው መቁረጫ) ግን በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣል። ሞተሩ እየሞላለት እንኳ አይደርስበትም።

በዚያ ላይ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየራችን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስስ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ ያንኑ ያህል ቢስብም የሚያገኘው አየር ያንሳል። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ብዙ ጊዜ የሚስበውን እንጂ የሚሰጠውን አይደለም። ስለዚህ ሲገዙ በደቂቃ 250 ሊትር ከሚል በታች አይውሰዱ። እስከዚያው አጫጭር ቆረጣ እየቆረጡ ታንከሩ እስኪሞላ ይጠብቁ።

ኖዝሉን የሚበላው ግን ሌላ ነው፤ ውሃ። ቱቦውን ከማሽኑ ጀርባ ነቅለው አየሩን በነጭ ወረቀት ላይ ይንፉት። ነጠብጣብ ወይም የዘይት ቅባት ካዩ ጥፋተኛው ተገኘ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ይብሳል። ብዙ ሰው የውሃ ማጣሪያውን ኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ ይገጥማል፤ እዚያ አየሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ውሃው ተን ሆኖ ያልፍና ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይጠራቀማል። ማጣሪያውን ከ8 እስከ 10 ሜትር ቱቦ ካለፈ በኋላ፣ ማሽኑ አጠገብ ይግጠሙት። የታንከሩን የታች ቧንቧ ማታ ማታ ይክፈቱ።

ኖዝሉን ሲቀይሩ ቶርቹ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮድም (የብየዳውን ዘንግ ሳይሆን) ይዩት። መሃሉ ላይ ያለችው ነጥብ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከጎደጎደች አብራ ትቀየር፤ አለበለዚያ አዲሱን ኖዝል ይዛው ትጠፋለች። የኖዝሉ ቀዳዳ ክብነቱን ሲያጣ ቆረጣው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።

ፕሌት መሃል ላይ ቀዳዳ ሲጀምሩ ቶርቹን ቀጥ አድርገው አይተኩሱ፤ የቀለጠው ብረት ተመልሶ ኖዝሉን ይደፍነዋል። አጋድለው ይጀምሩና ሲበሳ ቀስ ብለው ያቅኑት። ከዚያ ፍንጣሪው የት እንደሚሄድ ይዩ። ከታች ወጥቶ ትንሽ ወደ ኋላ ካዘነበለ ፍጥነትዎ ልክ ነው። ወደ ላይ ከተረጨ ፈጥነዋል። ከታች ወፍራም ግን በመዶሻ ቶሎ የሚረግፍ ብረት ከተንጠለጠለ ዘግይተዋል። የግራውንዱን መቆንጠጫ ቀለም ላይ አይያዙ። ቆርጠው ሲጨርሱም አየሩ ነፍቶ ሳያበቃ ማሽኑን አያጥፉ፤ ቶርቹን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ማራኪ ሰፈር ነው ያለሁት። ተመሳሳይ ማሽን በ30 ሜትር ኤክስቴንሽን ስቀጥል ብሬከር ይጥላል፤ መብራቱም ይደበዝዛል።

መልስ፦ 50 አምፔር ላይ ሲቆርጥ ከ220 ቮልት መስመር 30 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። ያ ተራ ሶኬት የሚችለው አይደለም። ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ገመድ በ30 ሜትር ርቀት 21 ቮልት ገደማ ይበላል፣ ይግላልም፤ ባለ 6 ቢሆን 5 ቮልት ብቻ። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ባለ 6 መስመርና ብሬከር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስዘርጉ። ገመዱን ሳይቀይሩ ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ ቤት ማቃጠል ነው። ለጊዜው በ30 አምፔር ቢቆርጡ ለላሜራና ለቱቦላሬ ይበቃል።

የማሽኑ ሰሌዳ ላይ የሥራ ጊዜው 60% ካለ ከ10 ደቂቃ 6ቱን ሠርተው 4ቱን ያሳርፉት። እነዚህ ማሽኖች የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ በኛ ስስ አየር ፋኑ እንደዚያ ስለማያቀዘቅዝ ዕረፍቱን ይጨምሩለት።

ጥያቄ፦ በቲጉ የአሉሚኒየም ድስት መበየድ ይቻላል?

መልስ፦ ሰሌዳው ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ብቻ ካለ አይሆንም። አሉሚኒየሙ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ላዩን የሸፈነው ቆዳ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ያንን የሚያጸዳው ኤሲ (ተለዋጭ ጅረት) ነው። ፕላዝማው ግን አሉሚኒየምንም ይቆርጣል። ዲሲ ቲግ የተዋጣለት ለስቴንለስ ነው፦ ንጹሕ አርጎን በደቂቃ ከ6 እስከ 10 ሊትር፣ ቶርቹ ኔጋቲቭ ላይ፣ ግድግዳው 1.2 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቱቦ 40 አምፔር አካባቢ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የናፍጣ በርሜል ለምድጃ ልቆርጥበት ነበር።

መልስ፦ ተዉት። ቢታጠብም፣ ክዳኑ ቢከፈትም፣ በስፌቱ ውስጥ የተደበቀው ነዳጅ ሲሞቅ ተን ሆኖ ይፈነዳል፤ በግራይንደርም ያው ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ጠቅልለው ይበይዱት።