መልስ፦ እድራችን የሚረዳቸው ቤተሰቦች ራሳቸውን እንዲችሉ ምን እናድርግ?

እህቴ፣ መሐል ሜዳ ያለው እድራችሁ ለ3 ችግረኛ ቤተሰቦች ዓመት ሙሉ ዱቄት ቢሰጥም ከተረጂነት እንዳልወጡ ጽፈሻል። ዱቄቱን በአንዴ አታቁሙት። ልጆች ከራባቸው ለርባታ የምትሰጧቸው እንስሳ ገበያ ይወጣል፤ እኛ ሰፈር ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔ የምመክራችሁ በግ ነው። የአካባቢያችሁ የመንዝ በግ ውርጩንና የግጦሽ እጥረቱን የለመደ ነው፣ ጠጉሩም ተፈትሎ ባና የሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ ይሠራበታል። ለአንድ ቤት 2 ወይም 3 እንስት ስጡ፤ ቤተሰቡ ሲረባለት የተሰጠውን ያህል ቄብ (ገና ያልወለደች እንስት) ለተከታዩ ቤት ያስተላልፍ። አባቶቻችን በርቢ፣ ማለትም እንስሳ ለሌላ ሰው እንዲያረባ ሰጥተው ግልገሉን እየተካፈሉ፣ ሲሰጣጡ ስለኖሩ ነገሩ ለማንም እንግዳ አይሆንም። በግ 5 ወር አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው የምትወልደው። ፍሬው በአንድ ክረምት አይታይምና አባላቱ እንዲታገሡ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ደግሞ እድሩ ብቻውን አይሸከመው። ክትባቱን ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል በመንዝ በግ ዝርያ ማሻሻል ከአርሶ አደሩ ጋር ስለሠራ፣ አውራ ስትመርጡ ባለሙያዎቹን አማክሩ። ቤተሰቦቹ በሴፍቲኔት መታቀፋቸውንም ከቀበሌው አጣሩ። ጉልበት የሌላት እናት ካለች በረቱን በደቦ ሥሩላት።

እባካችሁ፣ ስማቸው በስብሰባ ላይ "ተረጂ" ተብሎ አይነበብ። በጎቹ ስለሚተላለፉበት ውል ስትነጋገሩ እንደ ማንኛውም የእድር አባል አብረው ይቀመጡ። በጎቹን የምትገዙትም በየቤቱ በቂ ድርቆሽ መኖሩን ካያችሁ በኋላ ይሁን።