አልቀየር ያለው ሪፈረንስ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የምትማሪው እህቴ፣ ቴሲስሽን ሪፈረንስ በሚያደራጀው ሶፍትዌር በዞቴሮ ሠርተሽ የምንጭ አጻጻፍ ስታይሉን ኤፒኤ ወደሚባለው ስትቀይሪ ጽሑፉ ውስጥ ምንጭ ከሚጠቅሱት ሳይቴሽኖች ግማሹ ተቀየረ፣ ግማሹ ንቅንቅ አላለም። ከድረ ገጽ የወሰድሻቸው ደግሞ ዓመት የላቸውም፣ ስማቸውም ተገላብጧል። ማስገቢያው ከነገ ወዲያ ነው ብለሻል።

እኔ ሶፍትዌሩን አልጠረጥርም። ምዕራፎቹን ለፎቶኮፒ ቤት ሰጥተሽ አስገጣጥመሻል አይደል? መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጊ። ከዚያ አንዱን እምቢተኛ ሳይቴሽን ጠቅ አድርጊ። ግራጫ ጥላ ካልወጣበት ሞቷል፣ ተራ ጽሑፍ ሆኗል። አንዱን ምዕራፍ ሳይቴሽኑን ከዞቴሮ በሚያላቅቀው "አንሊንክ ሳይቴሽንስ" ቁልፍ ነክተው መልሰው ለጥፈውልሻል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ፒያሳ ሱቄ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ቅርጹ ያምራል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ዞቴሮ የሞተውን ስለማያየው ከመጨረሻው ዝርዝርም ይጎድላል። አቋራጭ የለውም፤ አጥፍተሽ በ"አድ ሳይቴሽን" እንደገና ትከዪ።

ስሙ ግን የሁላችንም ጣጣ ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አለው፣ እኛ የአባት ስም ነው ያለን። አለሙ ከበደ የሚባል ሰው ቢጽፍ ዞቴሮ ሁለት ሳጥን ላይ ይከፍለውና ኤፒኤ "ከበደ፣ አ." ብሎ ያወጣዋል። ልጅ ለፋ፣ አባት ተጠቀሰ! አስቴር የምትባል እህት ብትኖረውና እሷም ብትጽፍ፣ እሷም ያው "ከበደ፣ አ." ናት። ማን ማን እንደሆነ አንባቢ በምን ይለይ? ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጫኚ፣ ሁለቱ ሳጥን አንድ ይሆናል፤ ሙሉውን ስም እንዳለ ጻፊ። የትምህርት ክፍልሽ የራሱ ደንብ ካለው ግን እሱን ተከተዪ።

ዓመት የጠፋው ብሮውዘሩ ላይ ያለው የዞቴሮ ምልክት ተራ ገጽ እያሳየ ስለጫንሽው ነው። ያኔ ርዕሱን፣ አድራሻውንና ያየሽበትን ቀን ብቻ ያነሳል፤ የቀረውን በእጅሽ ሙዪ። የእኛን 2015 ከፈረንጅ 2015 ጋር እንዳታደባልቂ፣ በመሃሉ 7 ወይም 8 ዓመት አለ። የጆርናል ጽሑፍ ከሆነ ዲ.ኦ.አይ. የሚባለውን የጽሑፉን መለያ ቁጥር ዞቴሮ ላይ የአስማት ዘንግ በምትመስለው ምልክት አስገቢ። በነፃ ሪፈረንስ የሚሠሩ ገጾችንና ቻትጂፒቲን ዝም ብለሽ አትመኚ። የሰጡሽ ዲ.ኦ.አይ. ቁጥር አልከፍት ካለ ወይም ሌላ ጽሑፍ ካወጣ ይውጣ! ሊጠፋ ይችላል ብለሽ የምትሰጊበትን ገጽ የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያኖረው ዌይባክ ማሽን ላይ አስቀምጪ።

ሳይቴሽኑን ሁሉ የሚያድሰውን የዞቴሮ "ሪፍሬሽ" ከመጫንሽ በፊትም ሌላ ኮፒ። ፍላሽ ላይ ብቻ አይደለም፣ ኢሜይልሽም ላይ።

ጊዜ ካጠረሽ ከምዕራፍ 2 ጀምሪ፤ ሪፈረንስ የሚበዛው እሱ ላይ ነው።