የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በጋዝ የሚሠራ ድራየርን ስለማዛወር

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤ እኔና ባለቤቴ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የቆየ ታውንሃውስ ገዝተን ገብተናል። እናቴ ከእኛ ጋር ለመኖር ከአዲስ አበባ ስለምትመጣ፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ያለውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ለሁለት ከፍለን መኝታ ልንሠራላት አስበናል። ለዚህም በጋዝ የሚሠራውን የልብስ ማድረቂያ (ድራየር) ከውጭው ግድግዳ አንሥተን፣ የጋዝ ውሃ ማሞቂያው አጠገብ ወዳለው የውስጥ ግድግዳ ማዛወር ይኖርብናል። የአየር ማስወጫው ቱቦ አሁን ነጭ ተጣጣፊ ፕላስቲክ ነው። በአዲሱ ቦታ 4 ጫማ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በኮርኒሱ ውስጥ 18 ጫማ ሄዶ፣ ሦስት ጊዜ ታጥፎ ወደ ውጭ ይወጣል። የባለቤቴ ወንድም በእጅ ሥራ ጎበዝ ስለሆነ፣ ረጅም ቢጫ የጋዝ ቱቦ ገዝቶ ግድግዳውን በመብሳት ሊያገናኝልን ተነሥቷል። ማስወጫውንም በተመለከተ፣ በብርዱ ወራት ሙቀቱ ቤት ውስጥ እንዲቀር ከልብስ የሚወጣውን ብናኝ የሚይዝ፣ በውሃ የሚሠራ ማጠራቀሚያ ይበቃል ይላል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ የባለቤትዎ ወንድም ሊረዷችሁ መነሣታቸው የሚያስመሰግናቸው ቢሆንም፣ ያቀረቧቸው ሁለቱም ሐሳቦች መቅረት አለባቸው። መልሳችንን ከማስወጫው እንጀምራለን፤ ድራየር የት ሊቀመጥ እንደሚችል የሚወስነው ከጋዙ መስመር ይልቅ ማስወጫው ነውና። ብዙ ሰው የጋዙን መስመር ይፈራል፣ ማስወጫውን ግን እንደ ተራ የአየር ቱቦ ይቆጥረዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ድራየር የሚያስወጣው እርጥበትና ብናኝ ብቻ ነው። በጋዝ የሚሠራው ግን በውስጡ እሳት ስለሚነድ፣ የቃጠሎውን ጭስና ከእርሱም ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድን በዚያው ቱቦ ይልካል። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። በውሃ የሚሠራው ማጠራቀሚያ ብናኙን ቢይዝ እንኳ ይህን ጋዝ አያስቀረውም። እናትዎ ከግድግዳው ወዲያ የሚተኙ መሆኑን ስናስብ ደግሞ ነገሩ ለውይይት የሚቀርብ አይደለም።

ነጩ የፕላስቲክ ቱቦ ቦታውን ባትቀይሩም እንኳ መነሣት ያለበት ነው። ሙቀት ያቀልጠዋል፣ እጥፋቶቹ ብናኝ ይሰበስባሉ፣ ብናኙ አንዴ ከተቀጣጠለም ቱቦው ራሱ አብሮ ይነድዳል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ያለውን ጊዜ መርምሮ፣ በመኖሪያ ቤቶች በየዓመቱ 2,900 ያህል የድራየር እሳቶች እንደሚነሡ ገምቷል፤ ከመንስኤዎቹ ቀዳሚውም በ34 በመቶ ድራየሩን አለማጽዳት ነበር። በምትኩ የሚገባው 4 ኢንች ስፋት ያለው፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጠንካራ የላሜራ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። ቱቦዎቹ ሲጋጠሙ የአንዱ ጫፍ አየሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ በሚቀጥለው ውስጥ መግባት አለበት። መጋጠሚያው በአሉሚኒየም ፕላስተር ይታሸጋል። ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ረጅም ብሎን ብናኝ ስለሚይዝ አይመከርም። ተጣጣፊ ብረት ነክ ቱቦ የሚፈቀደው ከድራየሩ ጀርባ እስከ ግድግዳው ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ርዝመቱም ከ8 ጫማ መብለጥ፣ በግድግዳ ወይም በኮርኒስ ውስጥም መደበቅ የለበትም።

አሁን ወደ ልኬትዎ እንምጣ። የመኖሪያ ቤት የግንባታ ደንቡ (ኮዱ) ለማስወጫ ቱቦ የሚፈቅደው ጠቅላላ ርዝመት 35 ጫማ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተራ ባለ 90 ዲግሪ መታጠፊያ 5 ጫማ ይቀነሳል። ለሦስት መታጠፊያዎች 15 ጫማ ስንቀንስ 20 ጫማ ይቀራል፤ የእናንተ መስመር ግን 22 ጫማ ስለሆነ አያልፍም። አንዱን መታጠፊያ በሁለት ባለ 45 ዲግሪ መተካትም ትርፍ የለውም፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ጫማ ተኩል ስለሚቀነስ ድምሩ ያው ነው። የሚያዋጣው በሰፊው የሚዞር፣ ውስጡ ለስላሳ መታጠፊያ መግዛት ነው። የዙሩ ራዲየስ 6 ኢንች ከሆነ ለእያንዳንዱ 1 ጫማ ከ9 ኢንች ብቻ ስለሚቀነስ፣ ወደ 30 ጫማ የሚጠጋ ርዝመት ይቀርላችኋል። የድራየሩ አምራች በመመሪያ መጽሐፉ የራሱን ልክ ጽፎ ከሆነም መመሪያው ሊያሠራችሁ ይችላልና አስቀድማችሁ አንብቡት። ነገር ግን ቱቦው በኮርኒሱ ውስጥ ያሉትን የወለል ተሸካሚ እንጨቶች የሚያቋርጥ ከሆነ ሁሉም ነገር ይለወጣል። በእንጨቱ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ከቁመቱ ሢሶ እንዳይበልጥ ስለተደነገገ፣ 9 ኢንች ከሩብ ቁመት ባለው የተለመደ እንጨት ውስጥ የ4 ኢንች ቱቦ ማሳለፍ አይቻልም። ቱቦው ከእንጨቶቹ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ካልሆነም ከእነርሱ በታች ይወርድና ይሸፈናል። የውጭው አፍ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 3 ጫማ ይራቅ፣ ወደ ኋላ የሚነፍስ አየር የሚከለክል ክዳን ይኑረው፣ ወንፊት ግን አይደረግበት፤ ወንፊት በጥቂት ወራት ውስጥ በብናኝ ይደፈናል። ይህ ሁሉ የማይመች ከሆነ፣ ማስወጫም ጋዝም የማይፈልገውን በሂት ፓምፕ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ድራየር መግዛት ግድግዳ ከማፍረስ የተሻለ ይመስለናል።

በጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ቃል ያለፉት፣ እኛን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበን የውሃ ማሞቂያው ነው። ድራየር ሲሠራ ከክፍሉ ብዙ አየር ስቦ ወደ ውጭ ይገፋል። ክፍሉ ጠባብና የተዘጋ ከሆነ፣ የጎደለው አየር በቀላሉ ከሚገኝበት፣ ማለትም ከውሃ ማሞቂያው ጭስ መውጫ ተመልሶ ይገባል፤ ጭሱም አብሮት ይመለሳል። ክፍሉን ለሁለት ስትከፍሉ ደግሞ ማሞቂያው የሚያቃጥልበትን አየር እየቀነሳችሁበት ነው። በተለመደው ስሌት ማሞቂያው በሰዓት ለሚያቃጥለው ለእያንዳንዱ 1,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) 50 ኪዩቢክ ጫማ ቦታ ያስፈልጋል። 40,000 ቢቲዩ የሆነ ማሞቂያ ስለዚህ 2,000 ኪዩቢክ ጫማ ይፈልጋል፤ ይህም ጣሪያው 8 ጫማ ከፍታ ባለው ቤት 250 ስኩዌር ጫማ ወለል ማለት ነው። የተከፈለው ክፍላችሁ ይህን ያህል እንደማይሰፋ እንገምታለን። እንግዲያውስ አየር ከሌላው የቤዝመንት ክፍል ወይም ከውጭ የሚገባባቸው መተንፈሻዎች መሠራት አለባቸው፤ ወደ መኝታው ክፍል ግን በምንም መንገድ እንዳይከፈቱ።

የጋዙን መስመር በተመለከተ፣ ግራ የሚያጋባው ገበያ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ቢጫ ቱቦዎች መኖራቸው ነው። አንደኛው በግድግዳ ውስጥ እንዲያልፍ የተፈቀደ፣ ሥልጠና ባለው ሰው የሚዘረጋና ከቤቱ የኤሌክትሪክ መሬት ጋር የሚያያዝ ቋሚ መስመር ነው። የባለቤትዎ ወንድም ከመደብር የሚያገኙት ግን ድራየሩን ከቫልቩ ጋር ብቻ የሚያገናኘው አጭር ቱቦ ነው። ይህኛው ከ6 ጫማ መብለጥም ሆነ ግድግዳ፣ ወለል ወይም ኮርኒስ ማለፍ አይችልም። ድራየር በተዛወረ ቁጥርም አሮጌው ተጥሎ አዲስ ይደረጋል። ቤታችሁ የቆየ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ እናሳስባለን፦ የአሜሪካ የፍጆታ ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን ሽፋን የሌለው አሮጌ የናስ መገናኛ ቱቦ፣ ዕቃው ትንሽ በመነቃነቁ ብቻ ሊሰበር እንደሚችል አስጠንቅቋል። ስለዚህ ባለሙያ ሳያየው ድራየሩን ከግድግዳው አትጎትቱት።

የሚቀረው ሥራ የባለሙያ ነው። መስመሩ ሲረዝም የሚያሳልፈው የጋዝ መጠን ስለሚቀንስ፣ ፈርነሱ (የቤት ማሞቂያው)፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ምድጃውና ድራየሩ በአንድ ጊዜ ቢሠሩ በቂ ጋዝ እንዲደርሳቸው የቧንቧው ስፋት እንደገና መሰላት አለበት። መዝጊያ ቫልቩ ድራየሩ ባለበት ክፍል፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። አሮጌው መውጫ ቫልቩ ስለተዘጋ ብቻ አይተው፤ በጥርስ በተሠራ ክዳን ይደፈን። መስመሩ ከመሸፈኑ በፊትም በአየር ግፊት ይፈተሻል። በሲልቨር ስፕሪንግ የጋዝ ሥራ ፐርሚት የሚሰጠውና ሥራውን የሚመረምረው የአካባቢው የውሃና ፍሳሽ ድርጅት፣ ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ዋተር ነው፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፐርሚቱን በራሱ ስም ያወጣል። ፐርሚት አያስፈልግም የሚላችሁን ኮንትራክተር አሰናብቱት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2016 በዚያው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፍላወር ብራንች በተባለው የአፓርታማ መንደር በደረሰው ፍንዳታ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። የብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራ እንዳመለከተው፣ በሕንፃው ውስጥ የነበረ የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ነበር፤ ጋዙን ወደ ውጭ ማውጣት የነበረበት ቱቦም አልተገናኘም ነበር።

ለባለቤትዎ ወንድም የሚሆን ሥራ ግን ሞልቷል። አሮጌውን ማስወጫ አንሥተው የውጭውን ቀዳዳ መድፈን፣ ለአዲሱ መስመር ግድግዳና ኮርኒስ መክፈት፣ በመመሪያው መሠረት የላሜራውን ቱቦ መግጠም ይችላሉ። ኮርኒሱ የሚዘጋው መርማሪው አይቶ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ባለሙያው መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ይፈትሽ፤ ክብሪት ጭሮ ማየት የሚባል ነገር በፍጹም አይሞከርም። ቀጥሎም ድራየሩንና የውሃ ማሞቂያውን በአንድ ጊዜ ሥራ አስጀምሮ፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ የማሞቂያው ጭስ በትክክል ወደ ላይ መሳቡን ይይላችሁ። በቤዝመንቱ፣ ከእናትዎ መኝታ አጠገብ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይሰቀል። የጋዝ ሽታ ከተሰማ መብራት ማብራትም ማጥፋትም እንደማይገባ፣ ወዲያው ከቤት ወጥቶ ከውጭ 911 መደወል እንደሚያስፈልግ እናትዎ እንደመጡ በቃልም በተግባርም ያሳዩአቸው።