የቀድሞው ሪፖርት እንዲመለስ መቆጣጠሪያው ይጥፋ?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የሕንፃ ዕቃ በጅምላ በሚሸጥና ኮምቦልቻም ቅርንጫፍ ባለው ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተር ስንቀይር ዳታቤዛችን ከማይኤስኪውኤል 5.6 ወደ 8.0 ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ የወሩ የሽያጭ ሪፖርት አልወጣ ብሏል። ፕሮግራሙን የሠራልን ልጅ በዳታቤዙ ቅንብር ውስጥ ያለ አንድ መቆጣጠሪያ ቢጠፋ እንደ ድሮው ይሠራል ይላል። ለዓመታት ሲሠራ የኖረን ነገር መከልከልስ ተገቢ ነው?

መልስ፦ መቆጣጠሪያውን ባያስጠፉት ይሻላል። የላኩልን ሪፖርቱን የሚያወጣ ትእዛዝ ሽያጩን በ«ግሩፕ ባይ» በየዕቃው ዓይነት ሰብስቦ ብዛቱን ይደምርና ከጎኑ የመሸጫ ዋጋውን እንዲያሳይ ይጠይቃል። ሲሚንቶ ደሴ ላይ በአንድ ዋጋ፣ ኮምቦልቻ ላይ በሌላ ዋጋ ተሸጦ ከሆነ፣ በሲሚንቶ ረድፍ ላይ የሚጻፈው የትኛው ነው? ትእዛዙ ይህን አይናገርም። የቀድሞው ማይኤስኪውኤል ከዋጋዎቹ አንዱን ያነሣ ነበር፤ የትኛውን እንደሚያነሣ ግን መመሪያው ራሱ ዋስትና አልሰጠም። ብዙ ጊዜ ያንኑ ደጋግሞ ስለሚያነሣ ሰዉ እንደ ደንብ ቈጠረው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የማይኤስኪውኤል 5.7 ዕትም ይህን የሚከለክለውን «ኦንሊ ፉል ግሩፕ ባይ» የተባለ መቆጣጠሪያ ከመነሻው አብርቶ መጣ፤ የእርስዎ 8.0ም እንዲሁ ነው። እኔ የምወቅሳቸው ይህን ያህል በመዘግየታቸው ነው፤ ቀድመው ቢከለክሉ ኖሮ የእርስዎም ፕሮግራም እንዲህ ሆኖ አይጻፍም ነበር። ክልከላውም ጭፍን አይደለም፤ ከዕቃዎች ሠንጠረዥ ዋና መለያ ቁጥር ተነሥተው ቢሰበስቡ፣ የዕቃው ስም በቁጥሩ ስለሚወሰን ያለ ችግር ይታያል፤ እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ) መስፈርትም ይህን ይፈቅዳል።

ስለዚህ ልጁ ከማስተካከሉ በፊት የትኛውን ዋጋ ማየት እንደሚፈልጉ እርስዎ ይወስኑ። አማካይ ከሆነ፣ የሽያጩ ገንዘብ ድምር ለብዛቱ ድምር ይካፈል፤ የዋጋዎቹን ተራ አማካይ መውሰድ ብዙ የተሸጠበትንና ጥቂት የተሸጠበትን እኩል ያደርጋል። የሁለቱ ከተማ ዋጋ ለየብቻ እንዲታይ ከፈለጉ ቅርንጫፉም በግሩፕ ባይ ውስጥ ይግባ። «ኤኒ ቫልዩ» የሚባለው፣ ከዋጋዎቹ ማንኛውንም አንሣ የሚል ማለፊያ ደግሞ ዋጋው በእርግጥ አንድ ለሆነበት ብቻ ይቆይ። ሪፖርቱ ሲወጣ ዕቃዎቹ በፊደል ተራ ባይሰለፉ አይደንግጡ፤ 8.0 ግሩፕ ባይ በራሱ የሚያደርገውን ድርደራ ስላስቀረ «ኦርደር ባይ» በግልጽ መጨመር አለበት።

ያለፉት ሪፖርቶች የብዛት ድምር ትክክል ነው። ብዛቱን በዚያ ዋጋ አባዝተው የሠሩት ሒሳብ ካለ ግን ከደረሰኞቹ ጋር ያመሳክሩት።