ሴናተሩ «አስተዋፅኦ አደረጉ» ወይስ ተናገሩ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ለማኅበራችን አባላት ስለ አሜሪካ ፖለቲካ አጫጭር ጽሑፎች በአማርኛ አዘጋጃለሁ። በቅርቡ ስለ ሳውዝ ካሮላይናው ሴናተር ቲም ስኮት ጻፍኩና ‹ሴናተሩ በፖሊስ አሠራር ላይ በተካሄደው የምክር ቤት ክርክር ያደረጉት አስተዋፅኦ› የሚል ርዕስ ሰጠሁት። አንድ ጓደኛዬ ‹ይኼ ማወደስ ነው እንጂ ዘገባ አይደለም› አለኝ። እኔ ግን በክርክሩ ላይ ተናገሩ ለማለት ነው የፈለግኩት። ማናችን ልክ ነን? ጽሑፉን ልኬልዎታለሁ፤ ሌላም ስሕተት ካዩበት አይለፉኝ።»

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ናቸው። ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። ርዕሱ ብቻ ሳይሆን ውስጡም የምንነጋገርባቸው ነገሮች አሉት።

«አስተዋፅኦ» ከግእዙ «ወፅአ» የመጣ ነው፤ በአማርኛ «ወጣ» የምንለው። «አዋጣ» እና «መዋጮ»ም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። (በ«ዖ» የሚጽፉት ብዙ ናቸው፤ ሥሩ ግን «ዐ» የለውም።) ሰው ለዕድር ያዋጣል፣ ለለቅሶ ያዋጣል፣ ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ያዋጣል። ያዋጣው ነገር ለአንድ ጥሩ ጉዳይ ይውላል ተብሎ ነው። ስለዚህ «አስተዋፅኦ አደረጉ» ሲሉ አንባቢዎ የሚሰማው «ነገሩን ጠቀሙት፣ ወደፊት አራመዱት» የሚል ፍርድ ነው። የቲም ስኮትን አቋም የሚደግፍ ሰው ደስ ይለዋል፣ የማይደግፈው ግን ገና ከርዕሱ ጽሑፉን ይዘጋዋል፤ እርስዎ ደግሞ የጻፉት ለሁለቱም ነው። ቃሉ ያለቦታው መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። «ፍጥነት ለአደጋው አስተዋፅኦ አድርጓል» የሚል ዜና በየቀኑ እንሰማለን። «ፍጥነት አደጋውን አባብሶታል» ማለት ምን ያንሰዋል?

እንግዲህ ርዕሱ «ቲም ስኮት ስለ ፖሊስ አሠራር በሴኔት ምን አሉ?» ቢሆን ይበቃ ነበር። ሰውየው ያደረጉትን በግስ ይንገሩን። አማርኛ በግስ ሀብታም ነው፤ ስሞችን በ«የ» ሰንሰለት ሲያያይዙት ግን ይደክማል።

አሁን ወደ ሁለተኛው አንቀጽ። እንዲህ ጽፈዋል፦ «ሴናተሩ በአንድ ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ በፖሊስ መያዛቸውን ገለጹ።» ይህ እ.አ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 2016 ያደረጉት ንግግር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዳላስ ውስጥ 5 ፖሊሶች ከተገደሉ ገና 6 ቀን ነበር፤ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን በፖሊስ ተገድለው አገሩ ታምሷል። ስኮት ሪፐብሊካን ናቸው፣ ፖሊስን የሚደግፉ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ተነሥተው በራሳቸው ላይ የደረሰውን አወሩ።

«መያዛቸውን» የሚለው ቃል እዚህ አደገኛ ነው። እርግጥ በንግግር «ትራፊክ ያዘኝ» እንላለን፤ አስቆሞ ቀጣኝ ማለታችን ነው። በጽሑፍ ግን «በፖሊስ ተያዘ» ካሉ ሰውየው ጣቢያ ገብቷል፣ ምናልባትም ታስሯል። ስኮት የተናገሩት ስለ መኪና መቆም ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቴ አዲስ መኪና ይዤ የማይሆን ሰፈር መገኘቴ ወይም ያን የመሰለ ተራ ነገር ነበር አሉ። ስለዚህ «አስቆሟቸው» ነው ቃሉ።

ግን እዚህም ሌላ ችግር አለ። የአክብሮቱ ግስና የብዙ ቁጥሩ ግስ በአማርኛ አንድ ነው። «አስቆሟቸው፤ ጠየቋቸው፤ መለሱላቸው» ብለው ከቀጠሉ አንባቢው ማን ማንን እንደጠየቀ ግራ ይገባዋል፤ ፖሊሶቹም «እነሱ» ናቸው፣ ሴናተሩም «እሳቸው» ናቸው፣ ግሱ ግን አይለያቸውም። መውጫው ቀላል ነው፤ እናቶቻችን ወሬ ሲያወሩ የሚያደርጉትን ማድረግ። የሰውየውን ቃል በራሱ አፍ ያስቀምጡት፦ ሴናተሩ «በአንድ ዓመት ውስጥ ፖሊሶች 7 ጊዜ አስቁመውኛል» አሉ። አለቀ። ማን እንዳስቆመ፣ ማን እንደቆመ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአማርኛ የሰውን ቃል እንዳለ መጥቀስ ከ«መሆኑን ገለጹ» የበለጠ ተፈጥሯዊ ነው፤ በጋዜጣ ቋንቋ ስለተጨናነቅን ነው የረሳነው።

«ገለጹ»ን ካነሣን አይቀር፣ ይህ ግስ ገለልተኛ አይደለም። የተገለጠ ነገር ተሸፍኖ የነበረ እውነት ነው። ሴናተሩ ስለ ራሳቸው ሕይወት ሲናገሩ «ገለጹ» ያስኬዳል። ስለሚያከራክር ሐሳብ ሲናገሩ ግን «አሉ»፣ «ተናገሩ»፣ «ተከራከሩ»፣ «ሞገቱ» ይሻላል። «አስረዱ» እና «አረጋገጡ» የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «አረጋገጡ» ካሉ ማረጋገጫውን እርስዎም አይተውታል ማለት ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ቦታ ይኼኛው ነው። ስኮት በዚያው ንግግር የሴናተርነት ዓርማ ኮታቸው ላይ ሰክተው ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ ሲገቡ አንድ የጥበቃ ፖሊስ ያላቸውን ተናግረዋል። እርስዎ እንዲህ ተርጉመውታል፦ «ዓርማውን አውቀዋለሁ፤ እርስዎን ግን አላውቅዎትም። እባክዎ መታወቂያዎን ያሳዩኝ።» እንግሊዝኛው አንተም እርስዎም አይልም፤ መምረጥ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ጨዋነት መርጠዋል፣ «እባክዎ»ንም ከራስዎ ጨምረዋል፤ በዚያም ታሪኩ ጠፋ! እንዲህ ባለ ትሕትና የተጠየቀ ሰው ሴኔት ፊት ቆሞ ምን ብሎ ያማርራል? የፖሊሱ አለቃ በኋላ ደውለው ይቅርታ እንደጠየቋቸውም ሴናተሩ እዚያው ተናግረዋል። ይቅርታ የተጠየቀበት ንግግር «እባክዎ» አይኖረውም። እኔ ብሆን «ዓርማውን አውቀዋለሁ፤ አንተን ግን አላውቅህም። መታወቂያህን አሳየኝ» እላለሁ። በኛ ባህል አንድ ኮት የለበሰ ትልቅ ሰው በማያውቀው ሰው «አንተ» ሲባል ምን እንደሚሰማው አንባቢዎ በደንብ ያውቃል፤ ሴናተሩ ሊያስተላልፉ የፈለጉት ስሜትም ያው ነው።

ወደ 2020 እንለፍ። «የስኮት ረቂቅ አዋጅ ሴኔት ውስጥ ውድቅ ተደረገ» ብለዋል። «አዋጅ» የኛ ምክር ቤት ለሚያወጣው ነው የለመድነው፤ ለአሜሪካው «ረቂቅ ሕግ» ይበሉ። «ውድቅ» የሚለው ደግሞ የሆነውን አያሳይም። ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ አንድ ወር ሳይሞላ ስኮት ረቂቃቸውን አቀረቡ። ፖሊስ ደረቱ ላይ ካሜራ እንዲይዝ ያበረታታል፣ አንገት ማነቅን ያልከለከሉ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች የፌዴራል ገንዘብ እንዲቀርባቸው ያደርጋል። ሰኔ 24 ቀን ድምፅ የተሰጠው ግን በረቂቁ ላይ አልነበረም፤ በረቂቁ ላይ ክርክር ይከፈት ወይስ አይከፈት በሚለው ላይ ነበር። 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ውጤቱ 55 ለ45 ሆነ። ስለዚህ «ረቂቁ ለክርክር ሳይቀርብ ቀረ» ነው ትክክለኛው። ዴሞክራቶቹ ኮሪ ቡከርና ካማላ ሃሪስ ረቂቁ በማሻሻያ የሚድን አይደለም ብለው ሞገቱ፤ የራሳቸውን ጠንከር ያለ ረቂቅ አስቀድመው አቅርበው ነበርና። ይህን ሁሉ «ውድቅ ተደረገ» በሚል አንድ ሐረግ ከጠቀለሉት፣ አንባቢዎ ሴናተሮቹ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ተወያይተው የጣሉት ይመስለዋል።

በዚሁ አንቀጽ ስለ ጆርጅ ፍሎይድ «ሕይወቱ አለፈ» ብለዋል። አክብሮት እንደሆነ ይገባኛል። ታሞ ለተኛ ሽማግሌ ሕይወቱ አለፈ ይባላል። ፍሎይድ አንገቱ ላይ ከ9 ደቂቃ በላይ ጉልበት ተጭኖበት ነው የሞተው፤ ፖሊሱም በ2021 በነፍስ ግድያ ተፈርዶበታል። ስለዚህ «ፖሊስ ገደለው» ይበሉ፣ አይፍሩ። ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ያለ ቢሆን ኖሮ «ፖሊስ እጅ ላይ ሞተ» ማለቱ ተገቢ ነበር።

አንድ ከባድ ቃል ቀርቷል። በ2021 ስኮት፣ ቡከርና የተወካዮች ምክር ቤቷ ካረን ባስ ለወራት ሲደራደሩ ቆይተው መስከረም ላይ ሳይስማሙ ተለያዩ። ካለያዩዋቸው ጉዳዮች አንዱን እርስዎ «የፖሊሶች ያለመከሰስ መብት» ብለውታል። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚለው፤ እኔ ግን አልስማማም። «ያለመከሰስ መብት» ስንል የለመድነው የምክር ቤት አባልን ነው። «ያለመከሰስ መብታቸው ተነሣ» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው እስር እንደሆነ እናውቃለን። የአሜሪካው ጉዳይ ሌላ ነው። ፖሊስን ከወንጀል ክስ አያድነውም፤ ቢያድነው ኖሮ የፍሎይድ ገዳይ ባልተፈረደበት። ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ፖሊሱን በግሉ ካሣ ክፈል ብለው በፍትሐ ብሔር ሲከሱት ነው ከለላ የሚሆነው፤ እሱም የጣሰው መብት ቀድሞ በግልጽ የታወቀ ካልሆነ ነው። ችግሩ አማርኛ ሁለቱንም «ክስ» ማለቱ ላይ ነው። «ፖሊሶችን ከካሣ ክስ የሚከላከል ከለላ» ቢሉት ትንሽ ይረዝማል እንጂ ማንንም አያሳስትም። መኪና እያሽከረከረ የሚያድር የማኅበርዎ አባል ይህን ልዩነት ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ፖሊስ ቢበድለው በየትኛው መንገድ መክሰስ እንደሚችል ከዚህ ይጀምራል።

«ፖሊስ» እና «ፖሊሲ»ም ሁለት ቦታ ተምታተውብዎታል። «ፖሊሱ» ሰውየው ነው፣ «ፖሊሲው» አሠራሩ። «የከተማው ከንቲባ ፖሊሳቸውን ቀየሩ» ካሉ ፖሊሶቹን አባረሩ ማለት ነው፤ እርስዎ «ፖሊሲያቸውን» ሊሉ ነው።

የምክር ቤቱን ስም በተመለከተ «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። ይህ በ1923 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) ሕገ መንግሥት ለኛው ላይኛው ምክር ቤት የተሰጠ ስም ነው፤ ታችኛው «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት» ይባል ነበር። የኛዎቹ ቀሩ፤ ስማቸው ግን ለአሜሪካዎቹ ማገልገሉን ቀጥሏል። ወጣት አንባቢ ላያውቀው ስለሚችል መጀመሪያ ላይ «የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ወይም ሴኔት» ብለው አንዴ ያስተዋውቁትና ከዚያ በኋላ «ሴኔቱ» ይበሉ። «ሴናተር» እና «ሴኔተር» ሁለቱም ይጻፋሉ፤ እርስዎ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ስለተጠቀሙ አንዱን መርጠው በእሱ ይዝለቁ።