ሳያምኑ ለበዓል ማዕድ መቅረብ፦ ጥያቄና መልስ ከመምህሩ ጋር

መምህር፦ ደህና ዋላችሁ? ከሁለት ሰዓት በላይ አልቆይም። የጥንት ሃይማኖቶችን ታሪክ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እኔ ራሴ ማመን ከተውኩ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የሥነ ልቦና ባለሙያም የሕግ ሰውም አይደለሁም። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። ጉሮሯችሁና መጠለያችሁ በቤተሰብ እጅ ከሆነ፣ ወይም አለማመናችሁ ቢታወቅ አደጋ የሚደርስባችሁ ከሆነ፣ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ ተዉት፤ ደኅንነታችሁ ይቀድማል። ሌላው፣ በበዓል ማዕድ ላይ የእምነት ክርክር አትክፈቱ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ ሳልለው አልቀርም።

ዝምተኛው፦ መምህር፣ ማመን ካቆምኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቤተሰቦቼ በየበዓሉ ይጠሩኛል። ስሄድ አስመሳይ የሆንኩ ይመስለኛል፤ ስቀር ደግሞ ኩርፊያው እስከሚቀጥለው በዓል ይከርማል። ምን ይሻለኛል?

መምህር፦ ሂድ። ሰውን አስመሳይ የሚያደርገው እግሩ ሳይሆን አፉ ነው። የጠሩህ ልጃቸው ስለሆንክ ነው፤ የእምነት ቃል ፈርም ያለህ የለም። ተቀመጥ፣ ዕቃ አነሳሳ፣ ሕፃናቱን አጫውት፣ መዝሙሩን ከወደድከው አብረህ ዘምር። «አምናለሁ» ተብሎ በራስ አንደበት የሚነገር ነገር ሲመጣ ግን ዝም በል። ለአማኞች ብቻ የተለየውን ሥርዓት፣ ቁርባንም ይሁን ሌላ፣ አትቀበል። ለአንተ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእነሱ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እንደ ዋዛ ከወሰድከው የደፈርከው እነሱን ነው።

ፋኖስ፦ ስለ በዓል ምን ይላሉ?

መምህር፦ ስለየትኛው? ምኑን? ጥያቄ ይዘህ ተመለስ።

የማታ አንባቢ፦ ይህ ጥያቄ የማያምን ሰው የበዛበት የዘመናችን ጥያቄ ነው ወይስ ድሮም ነበረ?

መምህር፦ እሰይ! ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ድሮም ነበረ፤ ያውም ተገልብጦ። በሮም ግዛት «አማልክትን የካዱ» እየተባሉ ይሰደቡ የነበሩት ክርስቲያኖች ናቸው። ከተማው በዓል ሲያከብር መሥዋዕቱ ላይ የማይታዩት እነሱ ነበሩና። ስለዚህ «የማላምንበት በዓል ላይ ምን ያህል ልጠጋ?» ብለው በዝርዝር ከጻፉልን ቀደምት ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ የማያምን ልጃቸውን ለበዓል የሚጠሩት ሰዎች አባቶች ናቸው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል።

በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ በሰሜን አፍሪካዋ ካርታጎ የኖረውን የክርስትና ጸሐፊ ጠርጡሊያኖስን ውሰዱ። ስለ ጣዖት አምልኮ የጻፈው መጽሐፍ እጅግ ጥብቅ ነው። በአሕዛብ በዓል ቀን በራችሁ ላይ መብራትና የሎረል ቅጠል አትስቀሉ ይላል። አንድ የሚያውቀው ክርስቲያን አገልጋዮቹ በሩን በአበባ ጉንጉን ስላስጌጡበት ብቻ በዚያው ሌሊት በራእይ እንደተቀጣ ይተርካል፤ ሰውየው እኮ ከቤት ወጥቶ ነበር፣ ያዘዘውም እሱ አይደለም፣ ሲመለስም ተቆጥቷቸዋል! እንዲህ ያለው ሰው ግን ወረድ ብሎ ስለ እጮኛ፣ ስለ ሠርግና ስለ ሕፃን ስም ማውጣት ሲመጣ ይለሳለሳል። እዚያ መሥዋዕት ቢሠዋም፣ የተጠራሁት በሰውየው ምክንያት እስከሆነ ድረስ ቆሜ ማየቴ ጥፋት የለውም፣ በመሥዋዕቱ እጄን ካስገባሁ ግን አለቀልኝ ይላል። ለዝምተኛው የመለስኩለት ከዚህ በምን ይለያል?

የአይሁድ ሊቃውንትም በዚያው ዘመን ይህንኑ ሲያመላልሱ ነበር። የሕጋቸው መጽሐፍ ሚሽና ከአሕዛብ በዓል በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ከእነሱ ጋር መገበያየትን ይከለክላል። እዚያው ላይ ግን የሊቁ የራባን ገማልያል ወግ አለ። በዓኮ ከተማ የግሪኮች አምላክ የአፍሮዲት ሐውልት በቆመበት መታጠቢያ ቤት ሲታጠብ አንድ ፈላስፋ «እንዴት ከጣዖት ቤት ገባህ?» ይለዋል። ገማልያል መልሱን የሰጠው ከወጣ በኋላ ነው፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስለ ሕግ አይነገርምና። «እኔ ወደ እርሷ ክልል አልመጣሁም፤ እርሷ ናት ወደ እኔ የመጣችው» አለው። መታጠቢያውን ለአፍሮዲት ጌጥ እንሥራ ያለ የለም፤ አፍሮዲት ናት ለመታጠቢያው ጌጥ የሆነችው። ከብዙዎቹ በዓላት ጋር ያለኝ ነገር በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ለቤተሰብ መሰብሰቢያ የሆነ ቀን ነው፣ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል።

ከሁሉ የምወደው ግን የግሪኩ ፈላስፋ ኤፒቆሮስ ነው። አማልክት አሉ፣ ነገር ግን ስለ ሰው ግድ የላቸውም፣ አይቀጡም፣ አይሸልሙም ብሎ ያስተማረ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከበዓል የሚቀር ይመስላል። ከእሱ ወገን የሆነው ፊሎዴሞስ ግን ኤፒቆሮስ በአቴና በዓላት ይካፈል እንደነበረ ጽፎልናል፤ ጽሑፉ የተገኘው በ79 እ.ኤ.አ. የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ ካከሰለው የሄርኩላኔየም ጥቅልል ላይ ነው። ሰውየው አንድ ነገር ጨመረበት፤ በኑዛዜው ልደቱ በየዓመቱ እንዲከበር፣ በየወሩ በ20ኛው ቀንም ወዳጆቹ እሱንና ደቀ መዝሙሩን ሜትሮዶሮስን እያሰቡ እንዲሰበሰቡ አዘዘ። የጎረቤቱንም በዓል አልተወም፣ የራሱንም ሠራ።

ቀጥተኛው፦ ይቅርታ መምህር፣ ይህ ሁሉ ታሪክ ዋናውን ነገር ይሸፍናል። በዓሉ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ቁጥር ነው። «ያው ሁሉም ያከብራል» እንዲሉ እናግዛቸዋለን። ማክበር መደገፍ ነው።

ሰላማዊት፦ እኔ አማኝ ነኝ፤ ይህን ውይይት የምከታተለው ወንድሜ ስለማያምን ነው። ቀጥተኛው፣ ወንድሜ መጥቶ ሲቀመጥ እኔ «ቁጥር ጨመርን» አልልም። የሚከፋኝ ሌላ ነገር ነው፤ ስንጸልይ ቲያትር እንደሚያይ ሰው ፈገግ ሲል።

ቀጥተኛው፦ ፈገግታውም ተከለከለ እንግዲህ።

ሰላማዊት፦ አልከለከልኩም፣ አመመኝ ነው ያልኩት። ልዩነቱ ካልገባህ በበዓሉ ብትቀር ይሻላል።

ቀጥተኛው፦ እኔማ ቀርቻለሁ፤ አሥር ዓመቴ። ባይሆን የራሳችንን በዓል ብንፈጥር ነው የሚሻለው።

ጉድ ሰሚ፦ ተፈጥሮ ታይቷል እኮ! የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1793 በፓሪስ ኖትርዳም ውስጥ የአእምሮ በዓል ብለው አከበሩ። የት ደረሰ?

ቀጥተኛው፦ የሶቪየቶቹ የአዲስ ዓመት ዛፍ ግን ዛሬም ድረስ አለ!

ጉድ ሰሚ፦ እሱማ የገና ዛፍ ነው ስሙን የቀየረው! ራሳቸው አይደሉ እንዴ መጀመሪያ የከለከሉት?

መምህር፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ በዚሁ ይብቃችሁ። ዛፉን በ1920ዎቹ መጨረሻ ከለከሉት፣ በ1935 መጨረሻ የፓርቲው ባለሥልጣን የፖስቲሼቭ ደብዳቤ በፕራቭዳ ጋዜጣ ወጣና የአዲስ ዓመት ዛፍ ሆኖ ተመለሰ። በዓልን የከለከሉት ካድሬዎች ብቻ አይደሉም ደግሞ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1647 ገናን የሻረው «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም» ባሉ አጥባቂ አማኞች ግፊት ነው፤ ማሳቹሴትስ ላይም በ1659 ገናን ያከበረ አምስት ሺሊንግ ይቀጣ የሚል ሕግ ወጥቶ እስከ 1681 ቆይቷል። ቀጥተኛው፣ ከበዓል መቅረትህ መብትህ ነው፤ እኔም የምከራከርህ መቅረትህን አይደለም። ሌላውን በመሄዱ ደጋፊ ማለትህን ነው። ሰላማዊት፣ ስለ ፈገግታው ልክ ነሽ። ሰው ሲጸልይ ከልብ ዝም ማለት የማይችል የማያምን ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ለሁሉም እፎይታ ነው።

አራት ዓይና፦ ገና እኮ ከሮማውያን የሳተርናሊያ በዓል የተሰረቀ ነው። ስለዚህ እኛ የማናምነውም እኩል መብት የለንም?

መምህር፦ ይህ ነገር በየዓመቱ ይመጣል። ሳተርናሊያ ዲሴምበር 17 ጀምሮ በ23 ያልቅ ነበር፤ 25 ላይ አይደርስም። ዲሴምበር 25 የክርስቶስ ልደት ተብሎ ተጽፎ የምናገኘው በ354 በሮም በተዘጋጀ የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው፤ ከፀሐይ አምላክ በዓል ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ ምሁራን እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው። ይህ ሁሉ ቀርቶ፣ «ተሰርቋል» ብትል ምን ታተርፋለህ? ዛሬ እናትህ የምታከብረው ሳተርንን አይደለም። በማዕዱ ላይ ይህን እንዳታነሳ። እለምንሃለሁ።

ዕንቁ፦ ልጆቼን ምን ብዬ ላሳድጋቸው? አያቶቻቸው ጋ ያከብራሉ፣ ቤት ግን እኛ አናምንም።

መምህር፦ ልጅ ማሳደግ ሙያዬ አይደለም። እውነቱን ንገሪያቸው፤ አያታቸውን «ተሳስታለች» እንዲሏት ግን አትላኪያቸው።

ተስፈኛው፦ መሥሪያ ቤታችን በበዓል ጸሎት ላይ ተገኙ ይላል። ግዴታ ነው?

መምህር፦ የሕግ ሰው አይደለሁም ብያለሁ። የ1948 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 18 ሃይማኖት የመለወጥንም ነፃነት ይጨምራል፤ የአገርህ ሕግ ምን እንደሚል ጠበቃ ጠይቅ። ቤተሰብ ሲጠራህና አለቃ ሲያዝህ አንድ አይደለም፤ ከላይ የተናገርኩት ስለ መጀመሪያው ነው።

ብቸኛዋ፦ በበዓል ቀን የማላምነው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኛል።

መምህር፦ አይደለሽም። ፒው የጥናት ማዕከል በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲጠይቅ ክርስቲያን ካልሆኑት 81 ከመቶው ገናን እናከብራለን ብለዋል። ምናልባት ካጠገብሽ የተቀመጠውም አንዱ ነው።

መንገደኛ፦ ሰላም፣ አላምንም፣ ቤተሰቦቼ ለበዓል ጠሩኝ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?

መምህር፦ ወንድሜ፣ ከላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አንብብ።

መንገደኛ፦ አንብቤዋለሁ፤ ግን የእኔ ትንሽ ይለያል።

መምህር፦ የሚለየውን ጻፈዋ።

የማታ አንባቢ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚለው አለ?

መምህር፦ አለ። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን በእስራኤል አምላክ ካመነ በኋላ፣ ንጉሡ በእጁ ተደግፎ በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሲሰግድ እሱም አብሮ መስገዱ እንደማይቀርለት ለኤልሳዕ ይነግረዋል፤ ይቅር እንዲባልለትም ይለምናል። 2ኛ ነገሥት 5 ላይ ነው። የኤልሳዕ መልስ አጭር ናት፦ «በሰላም ሂድ።» ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች፣ የማያምን ከጠራችሁ የቀረበውን ሳትመረምሩ ብሉ፤ «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ያላችሁ ካለ ግን አትብሉ ይላቸዋል። ማዕዱ ራሱ አልቸገረውም፤ ነገሩ የሚለወጠው መብላትህ በሌላው ዓይን ምስክርነት ሲሆን ነው። ቁርባንን አትንኩ የምለው ለዚሁ ነው። ለስንተኛ ጊዜ አልኩት?

ጉድ ሰሚ፦ ለሁለተኛ።

መምህር፦ ገና ሦስተኛ አለ።

ዝምተኛው፦ መምህር፣ አንድ የመጨረሻ። እኛ ቤት ጸሎቱ በየተራ ነው፤ ማዕዱን ዞሮ እያንዳንዱ አንድ ነገር ይላል። እኔ ጋ ሲደርስ ምን ልበል? ዝም ስል ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል።

መምህር፦ እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ማመን በተውኩ በሁለተኛው ዓመት ተራው ሲደርሰኝ ዝም አልኩ። የእህቴ ልጅ፣ ያኔ አምስት ዓመቷ፣ «አጎቴ፣ ለምን አሜን አትልም?» አለች ጮክ ብላ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ ቀና ሳትል፣ ማንኪያዎቹን እያስተካከለች፣ «እሱ የሌሉትን ይጥራልን» አለች። አልገባኝም ነበር። «በዚህ ማዕድ ተቀምጠው ዛሬ የሌሉትን፣ በስማቸው ጥራቸው» አለችኝ። ጠራኋቸው፦ አያቶቼን፣ አንድ አጎቴን፣ በልጅነቱ ያለፈ ወንድሜን። አራት ነበሩ። አሜን ሊሉ የፈለጉ አሉ፤ እኔ አላልኩም፤ ተራው ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የእኔ ድርሻ ይህችው ጥሪ ሆነች። ስለ ጉዳዩ ከእናቴ ጋር አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ስሞቹ አሁን አሥራ አንድ ደርሰዋል፤ የእሷም አለበት።

ቀጥተኛው፦ ይሄማ ጸሎት ነው እኮ።

መምህር፦ ስም መጥራት ነው። ሰዓቴ ደርሷል፤ የቀሩትን ነገ።