መልስ፦ መጀመሪያ የኮሚቴ ዝርዝሩን አውጡት

«ከመምህሮቻችን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ አመራሩ ላይ ግን ወንዶች ብቻ። ከየት እንጀምር?» ብለው ለጠየቁት፦

እኔ ብሆን ሥልጠና ከመጥራቴ በፊት ያለፈውን ዓመት የኮሚቴ ዝርዝር አወጣለሁ። በጀትና ዲሲፕሊን ማን ጋ ነው? የሽኝት ዝግጅትስ? እኛ ይህን ስናደርግ፣ በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ የምትይዘው አንዲት መምህርት ብቻ ሆና አገኘናት። ለሦስት ዓመት! እየጻፈች መቼ ሐሳብ ትስጥ? አሁን በተራ ነው። ወንዶቹ መጀመሪያ «ጽሑፌ አይነበብም» አሉ። ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ግን ይነበባል።

ዋናው ማነቆ ምደባው ነው። ለምክትል ርዕሰ መምህርነት የሚታጨው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ያ ኃላፊነት በሹክሹክታ ከተሰጠ ሴቶቹ ሳይሰሙ ያልፋል። ክፍት ቦታውን ከነመስፈርቱ ለጥፉት። ስብሰባም ከሥራ ሰዓት ውጪ አትጥሩ፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚወስድ ሰው፣ እናትም ትሁን አባት፣ ይቀራል።

ወሊድ ላይ የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 183 (እ.ኤ.አ. 2000) ቢያንስ 14 ሳምንት ፈቃድ ይላል። የማጥቢያ እረፍትም አለበት፤ ከሥራ ሰዓት ተቆጥሮ የሚከፈልበት። ስለዚህ ከውስጥ የሚቆለፍ ንጹሕ ክፍል አዘጋጁ። ሽንት ቤት አይቆጠርም!

የትንኮሳ አቤቱታ የሚቀበል ሰው ደግሞ ከርዕሰ መምህሩ ሌላ ይኑር። አንዳንዴ አቤቱታው በራሱ በርዕሰ መምህሩ ላይ ነው።